ኔፓል በዕጣ ደረሰችኝ

መምህራችን ዕጣውን ያወጣችው በሰላጣ ሳህን ነው። የተጣጠፉ ወረቀቶች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ አገር ስም ተጽፏል። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ጣሊያንን አወጣችና በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበች። ቀጥሎ ፈረንሳይ ወጣች። የኔ ተራ ሲደርስ እጄን እስከ ሳህኑ መጨረሻ ሰድጄ፣ ደህናው ነገር ከሥር ይሆናል ብዬ፣ አንዷን ጨብጬ አወጣሁ። ገልጬ ባየው ኔፓል ይላል።

"መለወጥ ይቻላል?" አልኩ።

"አይቻልም" አለች መምህሯ። ጀርመን አይቻልም ካለ ደግሞ የምትከራከሪው ከግድግዳ ጋር ነው።

በነሱ አቆጣጠር 2009 ነበር፣ እኔም ሠላሳ አራት ዓመቴ። ጠዋት ጠዋት ቬስትኤንድ ባለ የጎልማሶች ትምህርት ቤት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሳክሰንሃውሰን ወርጄ የፖም ወይን በሚሸጥ ምግብ ቤት ውስጥ ድስትና ሳህን አጥባለሁ። አዲስ አበባ አሥረኛ ክፍልን ያለፍኩበትን ወረቀት እዚህ የሚቀበለኝ አላገኘሁም። ስለዚህ እንደ አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ ከኔ በአሥር በአሥራ አምስት ዓመት ከሚያንሱ ሰዎች መካከል ተቀመጥኩ። ምክንያት ነበረኝ። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ የአውስቢልዱንግ ቦታ፣ ማለትም እየሠሩ የሚማሩበት የአስታማሚነት ሥልጠና፣ ይዞልኛል። ኃላፊዋ ቁርጡን ነግራኛለች፦ "የምስክር ወረቀቱን ካገኙ በሴፕቴምበር ይጀምራሉ፤ ካላገኙ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።"

የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ። ሒሳቡንም እንደ ምንም ብዬ ተሻግሬዋለሁ። የቀረኝ የቃል ፈተናው ብቻ ነው፤ በሦስት ፈታኞች ፊት ቆሞ ስለ አንድ አገርና ስለ ዋና ከተማው አሥር ደቂቃ በጀርመንኛ መናገር። ሬፈራት ይሉታል። እሱን ከወደቅኩ ሌላ ዓመት ድስት መፈግፈግ ነው። የድስት እጥበትን ለመናቅ አይደለም፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ ፈግፍጌያለሁ፣ በቅቶኛል። ሰው እንጂ ብረት ማጠብ አልፈልግም ብዬ በልቤ ከወሰንኩ ቆይቻለሁ።

ቦናመስ ሠፈር በሚገኘው ሕንፃችን ከኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። በሠፈሩ ያለን አበሾች ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቶ ሲያስደነግጠን የምንሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ኔፓል እንደደረሰችኝ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

"ኔፓል!" አሉ። "እድለኛ ነሽ። ጣሊያንን ሁሉም ያውቃታል፤ ብትሳሳቺ ወዲያው ይነቃብሻል። ኔፓልን ማን ያውቃታል?"

ከመደርደሪያቸው ትልቅ ኢንሳይክሎፒዲያ አወረዱ፤ ተማሪ ሳሉ የገዙት፣ ሃያ ምናምን ጥራዝ ያለው፣ ጀርባው በወርቅ ቀለም የተጻፈ። ኢንተርኔትን አይወዱም፤ "ማንም ሥራ ፈት የሚጽፍበት" ይሉታል። ሦስት ቅዳሜ ጠዋት አብረን ተቀምጠን አራት ገጽ ጻፍን። መጻፉን ራሳቸው ጻፉ፤ እኔ ሻይ አፈላሁ። ውብ ጀርመንኛ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ሰጥተውኝ፣ "አሁን በቃል ያዢው። አንዲት ፊደል ሳታጎድይ። ከዚያ ማን ይነካሻል?" አሉኝ።

ሽምደዳ ሲሆን የሚያህለኝ የለም። የኛ ትምህርት ቤት ያሳደገኝ በዚያ ነው። የአባይን ገባሮች በተርታ፣ የአፍሪካን ዋና ከተሞች በፊደል ቅደም ተከተል፣ ገባን አልገባን አልጠየቀንም፤ በአንድ ትንፋሽ መልቀቅ ነው። ስለዚህ ኔፓልን ያዝኳት። በኡ-ባን፣ በመሬት ሥር በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡት ይነሱ ነበር። ሳክሰንሃውሰን በሚሄደው ትራም ላይ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ልብስ ስተኩስ፤ በሁለት ሳምንት አራቱንም ገጽ ጨረስኩ። መጀመሪያ ላይ ከጀመርኩ ሳልቆም መጨረሻው ላይ እወርዳለሁ። መሐል ላይ ጀምሪ ቢሉኝ ግን አልችልም፤ ይህ ግን ያን ጊዜ አላሳሰበኝም።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ ወጥ ቤት ውስጥ የእንፋሎቱን ጩኸት ተገን አድርጌ ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ። "የኔፓል ንጉሣዊ መንግሥት በሕንድና በቻይና መካከል የሚገኝ ሲሆን..." ድንች የሚልጠው አብሳይ ቢላዋውን አስቀመጠ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የማያስቸግር ሰው ነው። ስምንት ወር አብረን ስንሠራ ሕንድ ይመስለኝ ነበር። እሱም እኔን ሱማሌ ናት ብሎ ደምድሞ ኖሯል። ሁለታችንም ተጠያይቀን አናውቅም።

"ምን አልሽ?" አለኝ በዚያችው እኩል በምንሰባብራት ጀርመንኛ።

ደገምኩለት።

"ንጉሥ የለንም" አለ። "ባለፈው ዓመት ወርዷል። አሁን ሪፐብሊክ ነን።"

ነን ማለቱን በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ያን ጊዜ የሰማሁት አራት ገጼን ሊያፈርስብኝ የመጣ ሰው ብቻ ነው። "መጽሐፉ ንጉሥ አለ ይላል" አልኩት።

"መጽሐፉ የት ተወለደ?" አለኝ። "እኔ የተወለድኩት ካትማንዱ ነው።"

"ትልቅ መጽሐፍ ነው!" ብዬ ጮህኩበት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ከዚያ ፊቴን አዙሬ ድስቶቹን እርስ በርስ እያጋጨሁ አጠብኩ። እሱ ድንቹን መላጥ ቀጠለ።

ወደ ቤት ስመለስ ትራሙ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጆሮዬ ጋለ። በዚያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ከየት ነሽ ብለውኝ ነበር። ኢትዮጵያ ስላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከቦርሳቸው ሙዝ አውጥተው በእጄ አስያዙኝ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በቴሌቪዥን ያዩት ረሃብ ነው። "እሜቴ፣ እኔ እኮ ከሥራ ቦታዬ ምሳዬን በልቼ ነው የመጣሁት" ብላቸውም እጄን ከመዳበስ አላቆሙም። ሙዙን በንዴት በላሁት። አገሬን ከኔ በላይ በቴሌቪዥናቸው የሚያውቁ ሰዎች ስንት ጊዜ አንጨርጭረውኛል! እኔ ደግሞ ካትማንዱ የተወለደን ሰው በመጽሐፍ ልከራከረው ቆምኩ። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኩትና አንድ ቢላዋ አንስቼ ከድንቹ ቅርጫት አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። "ንገረኝ" አልኩት።

ምግብ ቤቱ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት አለን። ነገረኝ። ካትማንዱ በተራሮች መሐል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በብርድ ወራት ጠዋት ጉም ይሞላባታል፣ በረዶ ግን ሲጥል እሱ አይቶ አያውቅም። የበረዶውን ተራራ የሚያየው ዝናብ ካጠበው በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ከጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው። ደቡቡ ደግሞ ሜዳ ነው፣ ሙቅ፣ ዝሆንና አውራሪስ ያለበት። ቤቱ ቀይ ጡብ፣ መስኮቱ የተጠረበ እንጨት። በከተማው እምብርት አምላክ የሚሏት፣ እንደማንኛውም ሰው የተወለደች ትንሽ ልጅ በአሮጌ ቤት ትኖራለች፤ ስታድግ ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች። መብራት በፈረቃ ነው።

"በፈረቃ?" አልኩት። "የኛም እኮ በፈረቃ ነው!"

ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበረንም። ቅኝ አልተገዛንም ሲለኝ እኛም አልኩት። ከመቶ በላይ ቋንቋ አለን ሲል የኛም ብዙ ነው ብዬ ተፎካከርኩት። ስንት ዓመተ ምሕረት ነው በናንተ ብዬ ብጠይቀው ሁለት ሺህ ስድሳ ስድስት አለኝ። ቢላዋው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። በኛ ሁለት ሺህ አንድ ነው። በአንድ ወጥ ቤት፣ በአንድ የድንች ቅርጫት ዙሪያ፣ ሁለታችን ስድሳ አምስት ዓመት ተራርቀን ተቀምጠናል፤ ጀርመኖቹ ደግሞ መሐላችን። ሳቅን፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪገባ ድረስ ሳቅን።

የተጣላነው በከፍታ ብቻ ነው። ከተማዬ ከከተማህ ከፍ ትላለች አልኩት። የኤቨረስት አገር ሰው ይህን ዝም ብሎ አይሰማም። ተወራረድን፤ የተሸነፈ የዕለቱን ድንች ሁሉ ሊልጥ። ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፤ አየ፤ ደግሞ አየ። ካትማንዱ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ሁለት ሺህ አራት መቶ ገደማ። ቅርጫቱን ወደ ራሱ ጎተተ።

አሁን ጋሼን መጋፈጥ ቀረኝ። ይህ ከፈተናው ይከብድ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሦስት ቅዳሜውን ሰጥቶሽ፣ መጽሐፍዎ ተሳስቷል ብሎ መናገር በኛ ወግ ቀላል አይደለም። ሻይ ተጠጣ፣ ጤና ተጠየቀ፣ ስለ አየሩ ተወራ፤ ከዚያ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ "ጋሼ፣ የኔፓል ንጉሥ ወርዷል አሉ" አልኩ።

"ማን አለ?"

"አብሮኝ የሚሠራ የዚያ አገር ሰው።"

ከመደርደሪያው ፊት ሄደው ቆሙ። "መቼ?"

"አምና።"

"አምና" አሉ። "እኔ የንጉሥ መውረድ አምልጦኝ አያውቅም ነበር።" ተማሪ ሳሉ ንጉሥ ይውረድ ብለው ሰልፍ የወጡ ሰው ናቸው። አሁን ግን የተከፉ መሰሉኝ፤ የከፋቸው በንጉሡ ይሁን በመጽሐፉ እንጃ። ከዚያ ብዕራቸውን አነሱ። "ችግር የለም። እንደ አዲስ እጽፍልሻለሁ። እስከ ማክሰኞ ታጠኚዋለሽ።"

ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽማግሌ እምቢ አልኩ። "ጋሼ፣ አይጻፉልኝ" አልኳቸው። "የሰማሁትን ራሴ እናገራለሁ። ጀርመንኛዬ ቢሰበርም ይሰበር።"

"ትወድቂያለሽ" አሉኝ። ሸኙኝ፣ በሩን ግን ቶሎ ዘጉት።

ማክሰኞ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ላይ ሙሉ ልብስና ከረቫት አድርገው ቆመው አገኘኋቸው። ጫማቸው ያበራል።

"ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው?"

"ፕሩፉንግ አለኝ" አሉ፤ ፈተና ማለታቸው ነው። "ያንቺን ማለቴ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አየሁ። ሰውየው ልክ ነው።" ባቡሩ መጣ፣ አብረን እስከ ቬስትኤንድ ሄድን።

እሳቸው ኮሪደር ላይ ቀሩ፤ እኔ ገባሁ። ሦስት ፈታኞች፦ መምህራችን፣ አንዲት የማትስቅ ሴት፣ መሐላቸው ደግሞ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ ሽበታም ሰብሳቢ። ቅዳሜና እሁድ ተራራ የሚወጣ ሰው መሆኑን ፊቱ ይናገራል። ይጀምሩ አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። "የኔፓል ንጉሣዊ መንግሥት..." አለ አፌ።

በአራት ቀን ያወቅኩትን ሁሉ ሁለት ሳምንት የሸመደድኩት ዋጠው። ሰብሳቢው ቅንድቡን አነሳና አንድ ነገር ጻፈ። ቆምኩ። ትንፋሽ ወስጄ እንደገና ጀመርኩ፤ ምላሴ እንደ ለመደ ፈረስ በዚያው መንገድ ሄደ። "የኔፓል ንጉሣዊ..." የማትስቀው ሴት ሰዓቷን አየች። መምህሬ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረች። አለቀ፣ ድስት ነው፣ አልኩ በልቤ።

እና ተናደድኩ። እልኸኛ መሆኔ በብዙ ነገር ጎድቶኛል፤ ያን ቀን ግን አዳነኝ። ይዤው የገባሁትን የጋሼን አራት ገጽ ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩ።

"ሁለት ጊዜ የተናገርኩት ስህተት ነው" አልኩ። "ኔፓል ንጉሥ የላትም። አምና ሪፐብሊክ ሆናለች። ስህተቱን ያገኘሁት ከአሮጌ መጽሐፍ ነው። አሁን ከካትማንዱ ሰው የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፤ ሰዋስዉ ያምርም አይምርም ስሙኝ።"

ዞሬ ሰሌዳው ላይ ባንዲራዋን ሣልኩ፤ የሌሎች አገሮች አራት ማዕዘን ሲሆን የነሱ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ የተነባበረበት ነው። ከስምንት ሺህ ሜትር በላይ ካሉት የዓለም ተራሮች ስምንቱ እዚያ ናቸው አልኩ፤ ግን ሁሉም ሰው ተራራ ላይ አይኖርም፣ ዝሆንም አለ። ስለ ጉሙ፣ ስለ ጡቡ፣ ስለ ፈረቃው ተናገርኩ። ሰዓታቸው ከጎረቤታቸው ከሕንድ በሩብ ሰዓት እንደሚለይ፣ ዛሬ እነሱ ዘንድ 2066 መሆኑን፣ እኔ ዘንድ 2001 መሆኑን። የማትስቀው ሴት ብዕሯን አስቀመጠች። ጀርመንኛዬ ተሰበረ፤ የቃላቱን ጾታ አደባልቄ ደርን ዲ አልኩ፣ ዲን ዳስ አልኩ፣ ግሡን ረስቼ በእጄ አሳየሁ። አንድ ጊዜም ወደ መጀመሪያው አልተመለስኩም።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አልኩ ከዚያ፣ ወደ ሰብሳቢው ዞሬ።

"ጠያቂው እኔ ነኝ" አለ፣ ግን ፈገግ አለ። "እሺ፣ ይጠይቁ።"

"ከካትማንዱና ከአዲስ አበባ ከፍ ያለችው የቷ ናት?"

"ካትማንዱ ናት እንጂ" አለ ሳያመነታ። "ሂማላያ እኮ ነው!"

"ይመልከቱ" አልኩት፣ በመስኮቱ ሥር ወደ ተቀመጠው አትላስ እየጠቆምኩ። ሄደና ገለጠው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አንገቱን አስግጎ አነበበ። ገጽ ለወጠ። ደግሞ ተመለሰ። መምህሬ ልትቋቋመው አልቻለችም፣ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅ ጀመር።

"አንድ ሺህ ሜትር" አለ ሰብሳቢው ቀስ ብሎ። "አንድ ሺህ ሜትር ሙሉ!"

"እኔ እዚያ ነው ያደግኩት" አልኩት። "ትምህርት ቤት በሩጫ ነበር የምሄደው።"

ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። የማላውቀውን አላውቅም አልኩ፤ ይህንንም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ፈተና ላይ ያልኩት። ወጥቼ ሩብ ሰዓት ያህል ኮሪደር ላይ ከጋሼ ጎን ተቀመጥኩ። ከረቫታቸውን ስንት ጊዜ እንዳጠበቁ አልቆጠርኩም። በሩ ተከፍቶ መምህሬ ስትጠራኝ፣ እሳቸውም አብረው ተነሡ፤ ማንም አልከለከላቸውም።

"ሁለት" አለ ሰብሳቢው እጁን ዘርግቶ። በጀርመን ሁለት ማለት ጥሩ ውጤት ነው፤ ከሱ በላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። "ለሰዋስዉ ባይሆን ኖሮ አንድ ይሰጥዎት ነበር።"

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ሰዋስዉን እኔ ነበርኩ የምይዝልሽ" አሉኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው እያለቀሱ ነው፤ ያ ሁሉ ደብዳቤ የማያስደነግጣቸው ሰው።

ደረጃው ላይ ቆሜ ወደ መጦሪያው ደወልኩ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ኃላፊዋ አነሳች።

"አለፍኩ" አልኳት።

"ጎበዝ" አለች፤ ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። "እንግዲያውስ የሥራ ልብስዎን ልዘዝ። ልክዎ ስንት ነው?"

አራት ዓመት ሙሉ የለበስኩት የሌላ ሰው ሽርጥ ነበር፤ ልክሽ ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"ሠላሳ ስምንት!" ብዬ ጮህኩ፣ ደረጃውን የሚወጣው የሚወርደው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ። "ሠላሳ ስምንት ነኝ!"